60 ልጅ፣ 60 ፍጥነት፦ በሞጁል ማስተማርን በአንድ ምዕራፍ መጀመር

ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ብዬ ጻፍኩና ዞር አልኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ መልሱን ከጻፈች ቆይታለች፤ የደብተሯን ጠርዝ በአበባ እያስጌጠች ነው። ከኋላዋ ያለው ልጅ 2/5 ብሏል። መስኮቱ ጋ ያለው ደግሞ ምንም አልጻፈም። ታህት (ከሰረዙ በታች ያለው ቁጥር) ምን እንደሆነ አያውቅም። አምና ይህን ሲማሩ ታሞ ቤት ነበር። ሦስቱም የሚሰሙት የኔኑ አንድ ማብራሪያ ነው። አንዷን ያሰለቻታል፣ ለአንዱ አይበቃውም፣ ለሌላው ጭራሽ አይገባውም።

በሞጁል ማስተማር የተበጀው ለዚህ ነው። ትምህርቱን በትንንሽ ክፍሎች ትከፋፍሉታላችሁ። እያንዳንዱ ልጅ ካለበት ቦታ ይጀምራል፣ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ የያዘውን ክፍል በደንብ እስኪችል ድረስ ግን ወደ ሚቀጥለው አይሻገርም። በተለመደው ክፍል ሁሉም እኩል ጊዜ ያገኝና ውጤቱ ይለያያል። እዚህ ጊዜው ይለያያል፣ ደረጃው አንድ ነው።

“ሞጁል” የሚለው ቃል እኛ አገር ትንሽ ተበላሽቷል። የርቀት ትምህርት የተማረ ሰው ሞጁል ሲባል ትዝ የሚለው ያ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ የነበረ ደግሞ በ2000ዎቹ የመጣውን የሞጁላር ካሪኩለም ያስታውሳል፤ ኮርሶች ተሰብስበው በብሎክ ይሰጡ ነበር፣ ተማሪው ሁሉ ግን እኩል ተነስቶ እኩል ይጨርሳል። ሁለቱም እዚህ የምናወራው ነገር አይደሉም። ቀረብ የሚለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው ነው፤ እዚያ ቢያንስ “ይችላል” ወይም “ገና ነው” የሚል ምዘና አለ።

እንዲያውም ከሁሉም የሚቀርበው የየኔታ ንባብ ቤት ነው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን በውርድ ንባብ ይላል፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም አንድ ዛፍ ሥር ናቸው። ቀዳሚውን የንባብ ደረጃ፣ ግዕዝ ንባብን፣ ያላጠራ ወደ ውርድ ንባብ አይሻገርም። ቀድሞ ያለፈው ታናሹን ያስቀጽላል። የኔታ አንድ ለአንድ ሰምተው ነው የሚያሳልፉት። ቁንጥጫውን ትተን አሠራሩን እንውሰድ።

በፈረንጅ አገርም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ፖስትልዌይት የሚባል፣ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት መምህር፣ መሠረታቸው ደከም ላለ ተማሪዎች ትምህርቱን በቴፕ መቅዳት ጀመረ። በ1960ዎቹ የሥነ ልቦና ምሁሩ ፍሬድ ኬለር ከብራዚላውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተማሪው በራሱ ፍጥነት የሚሄድበትን፣ በየክፍሉ ፈተና የሚያልፍበትንና ቀድመው ያለፉ ተማሪዎች ሌሎቹን የሚረዱበትን ዘዴ አቀናጀ። የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉምም በዚያው ዘመን፣ ጊዜና እርዳታ ካገኘ አብዛኛው ተማሪ ይችላል ብሎ ተከራከረ።

ወደ ሥራው እንግባ። ምሳሌዬ የ6ኛ ክፍል ክፍልፋይ ነው። የምታስተምሩት ሌላ ከሆነ በዚያው ለውጡት።

1. አንድ ምዕራፍ ብቻ ምረጡ

ዓመቱን ሙሉ በሞጁል አደርገዋለሁ ብሎ የተነሳ መምህር ኅዳር ሳይገባ ይተወዋል። እኔም ትቼው አውቃለሁ። ልጆቹ በጣም የሚለያዩበትን አንድ ምዕራፍ ምረጡ። ሂሳብ ላይ ክፍልፋይ ነው፤ ቋንቋ ላይ አንብቦ መረዳት ሊሆን ይችላል። ለሁሉም አዲስ የሆነ ርዕስ ከሆነ ግን ሞጁል አያስፈልገውም። ሁሉም ዜሮ ላይ ከሆኑ አንዴ ሰሌዳ ላይ ማስረዳቱ ይቀላል።

2. ከመጨረሻው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ፍቱት

ወረቀት አምጡና ልጁ በመጨረሻ እንዲሠራ የምትፈልጉትን አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ለምሳሌ 3/8 + 1/6። ከዚያ “ይህን ለመሥራት ምን መቻል አለበት?” እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። የኔ አምስት ሆነ፦

ሞጁል 1፦ ክፍልፋይን ማንበብና መሳል
ሞጁል 2፦ አቻ ክፍልፋዮች
ሞጁል 3፦ ትንሹ የጋራ ብዜት
ሞጁል 4፦ ታህታቸው አንድ የሆኑትን መደመርና መቀነስ
ሞጁል 5፦ ታህታቸው የተለያየውን መደመርና መቀነስ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞጁል 3 ከ1ም ከ2ም ጋር አይያያዝም። ማባዛት የሚችል ልጅ ከፈለገ ከ3 ይጀምር። ሞጁል 5 ግን ያለ አራቱ አይነካም። የትኛው የትኛውን እንደሚፈልግ በቀስት ሳሉት። ልጆች ምርጫ ሲሰጣቸው ደስ ይላቸዋል፣ ሁሉም አንድ ሞጁል ስለማይሻሙ የወረቀት ግፊያውም ይቀንሳል።

ለእያንዳንዱ ሞጁል አንድ ዓላማ ጻፉ፤ በዓይን የሚታይ ይሁን። “ስለ አቻ ክፍልፋይ ይገነዘባል” አይታይም። “2/3 ከ8/12 ጋር እኩል መሆኑን በስዕልም በማባዛትም ያሳያል” ይታያል።

3. ፈተናውን ከትምህርቱ በፊት አዘጋጁ

ይህን ደረጃ መዝለል ያምራል። አትዝለሉት። ሞጁሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ማብራሪያው አይደለም፣ በሩ ነው፤ ማለትም ወደ ሚቀጥለው ሞጁል የሚያሳልፈው ፈተና። በሩ ላይ ምን እንደሚጠየቅ ካልታወቀ ማብራሪያው ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሁለት ዓይነት ፈተና ያስፈልጋል። አንደኛው የመነሻ ፈተና ነው፤ ከየሞጁሉ 3 ጥያቄ፣ በድምሩ 15። ሦስቱንም የመለሰ ልጅ ያንን ሞጁል ይዘላል። ሁለት የመለሰ አይዘልም፤ አንዷ ስህተት ብዙ ጊዜ የምትደብቀው ነገር አላት።

ሁለተኛው የበር ፈተና ነው፤ ለየሞጁሉ 5 ጥያቄ፣ ማለፊያው 4። ግማሽ ያመጣ ለምን አያልፍም የሚል ወላጅ ይመጣል። ሞጁል 2ን በግማሽ ያለፈ ልጅ ሞጁል 5 ሲደርስ ጉድለቱ አብሮት ነው የሚደርሰው። ያን ጊዜ የማይችለው መደመሩን ይሁን አቻውን ማንም አያውቅለትም፣ እሱም ጭምር።

የበር ፈተናው ጥያቄያቸው የሚለያይ፣ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ። የወደቀ ልጅ በሌላው ቅጂ ይፈተናል። ቁጥሩን ብቻ መቀየር ቀላል ይመስላል፣ ግን ያሳስታል። በሀ ላይ 1/2 + 1/3 ካላችሁ በለ ላይ 1/2 + 1/5፣ በሐ ላይ 1/3 + 1/4 ማለት ይቻላል፤ በሦስቱም ሁለቱን ታህት ማባዛት ይበቃል። 1/4 + 1/6 ግን በክብደት ከነዚህ ጋር እኩል አይደለም። እዚያ ትንሹ የጋራ ብዜት 24 ሳይሆን 12 ነው። እሱን በሀ ካስገባችሁ በለ 1/6 + 1/9፣ በሐ 1/6 + 1/8 አድርጉ። ይህን ሳላስተውል ቀርቼ ነው አንድ ሰሞን ቅጂ ሐ የደረሳቸው ልጆች በሙሉ የወደቁብኝ።

4. አሁን ሞጁሉን ጻፉ፤ ከ6 ገጽ አይብለጥ

የመጀመሪያው ሞጁሌ 24 ገጽ ነበር። የመማሪያ መጽሐፉን በራሴ እጅ እንደገና ጻፍኩት ማለት ነው። ልጆቹ ገለጥ ገለጥ አድርገው “ቲቸር፣ ምኑን እንጻፍ?” አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

ጥሩ ሞጁል ከፊቱ ለተቀመጠ አንድ ልጅ እንደሚያወራ ሰው ነው። አንድ አንቀጽ ይላል፣ ወዲያው ያሠራል። ልጁ እርሳስ ሳያነሳ ከሦስት መስመር በላይ የሚያነብ ከሆነ በዝቷል።

አማርኛ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። “አስላ” ብትሉ ሴቷን ትተዋላችሁ፣ “አስዪ” ብትሉ ወንዱን። “አስላ/አስዪ” ደግሞ ገጹን ሙሉ ሰረዝ ያደርገዋል። መጽሐፉ “አስሉ” ይላል፤ ያ ደግሞ ለጉባኤ የሚነገር ይመስላል። እኔ “እንሞክር”፣ “እንሳል”፣ “እንገምት” ማለቱን መርጫለሁ። ለብቻው የሚሠራን ልጅ አብሮት ሰው ያለ ያስመስልለታል።

ከሞጁል 5 ትንሽ ላሳያችሁ፦

“ጠዋት የዳቦው ግማሽ ተበላ። ከሰዓት የዳቦው ሲሶ ተበላ። በድምሩ ምን ያህሉ ተበላ? ከማስላታችን በፊት እንገምት። ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ግምታችንን ደብተር ላይ እንጻፍ።

አሁን ዳቦውን እንሳልና 6 እኩል ቦታ እንክፈለው። ግማሹ ስንት ቁራሽ ሆነ? ሲሶውስ?

መልሳችን 5/6 ከሆነ ወደ ገጽ 5 እንለፍ። 2/5 ከሆነ ወደ ገጽ 4 እንሂድ። ሌላ ከሆነ ስዕሉን ይዘን መምህር ጋ እንሂድ።”

ገጽ 4 ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ “2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ግማሹ ቀድሞ ተበልቶ ነበር። ተጨምሮበት እንዴት አነሰ?”

ልጁ ይህን ሲያነብ ፊቱን እዩት። እኔ ሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ “ታህት አይደመርም” ብዬ ያልገባው፣ እዚህ ይገባዋል። 2/5 ያለው ደደብ ስለሆነ አይደለም። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደመረ፤ ለሱ ምክንያታዊ ነው። ስለዚህ ሞጁል ስትጽፉ ከመልሱ ይልቅ ልጆቹ የሚሳሳቱትን መንገድ እወቁ። የት ይገኛል? በአምና የፈተና ወረቀቶች ውስጥ። አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ስህተቶቹን ብቻ ልቀሙ። ብዙዎቹ ሦስት አራት ዓይነት ሆነው ነው የምታገኟቸው። ለያንዳንዱ እንደ ገጽ 4 ያለች አጭር ማዞሪያ ጻፉ።

ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ የሚሉትን ቃላትም ተጠቀሙባቸው። ልጁ ሲሶን ከ1/3 በፊት ከቤቱ ያውቀዋል።

የልምምዶቹ መልስ ሞጁሉ መጨረሻ ላይ ይሁን። ይገለብጣሉ ብላችሁ አትደብቁ። መልሱን የገለበጠ ልጅ በሩ ላይ ይያዛል፤ ሁለት ጊዜ ከተያዘ በኋላ ራሱ ይተወዋል። የበር ፈተናው መልስ ግን ከእጃችሁ አይውጣ።

5. በሦስት ልጅ ሞክሩት

ከማባዛታችሁ በፊት አንድ ጎበዝ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ንባብ የሚከብደው ልጅ ጥሩና ከትምህርት ሰዓት በኋላ አሠሯቸው። ከጎን ተቀምጣችሁ አፋችሁን ዝጉ። ከባዱ ይሄ ነው። ልጁ የሚቆምበትን መስመር ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሦስቱም የቆሙበት ቦታ ጥፋቱ የናንተ ነው።

6. ወረቀቱን አስሉ

“ፎቶኮፒ ከየት ይመጣል?” የሁሉም መምህር ጥያቄ ነው። 60 ልጅ፣ 5 ሞጁል፣ 6 ገጽ፤ 1,800 ገጽ ይመጣል። ግን ልጆቹ የተለያየ ቦታ ስለሚሆኑ ለሁሉም ሁሉም አያስፈልግም። ከሞጁል 1 እና 2 ሃያ አምስት ሃያ አምስት ቅጂ፣ ከቀሩት ሦስቱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት። 95 ቅጂ፣ 570 ገጽ። ፊትና ጀርባ ከታተመ 285 ወረቀት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከተጨናነቀ ሁለት ሁለት ሆነው ይሥሩ። ሞጁሉ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ መልሱ ደብተር ላይ። እንዲህ ከሆነ ለከርሞም ይተርፋል።

በቴሌግራም መላክ ይቻላል፣ ለሚያግዙ ወላጆች ጥሩ ነው። ዋና መንገድ ግን አታድርጉት። ስልክ የሌለው ልጅ ወደ ኋላ የሚቀረው በማይመለከተው ምክንያት ይሆናል።

7. ክፍሉን አደራጁ

ለያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ካርድ ስጡ፤ አምስት ሳጥን ያለው። ሞጁል ሲያልፍ ትፈርሙበታላችሁ። ካርዱ ደብተሩ ውስጥ ይቀመጥ። ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚያበረታታ ይመስላል፤ የሚያበረታታው ግን ፊት ያሉትን ብቻ ነው።

የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ እኔ ጋ እንዲህ ይሄዳል። የረድፍ አለቆች ሞጁሎቹን ያድላሉ፣ 3 ደቂቃ። ከዚያ ሥራ። ጥያቄ ያለው ልጅ እጁን አውጥቶ አይጠብቅም፤ ዴስኩ ጠርዝ ላይ ቀይ ወረቀት አስቀምጦ ሌላውን ጥያቄ ይቀጥላል። እኔ በቀዮቹ መሃል እዞራለሁ። የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች የጋራ ናቸው፤ በዚያ ቀን ያየሁትን አንድ ጥሩ ስህተት ስሙን ሳልጠራ ሰሌዳ ላይ አነሳለሁ።

ቀይ ወረቀት የማያወጡም አሉ። ከኋላ ዝም ብለው የተቀመጡ። ዛሬ ማንን እንዳያችሁ በስም መያዣው ላይ ነጥብ አድርጉ። በሳምንት አንድም ነጥብ የሌለው ልጅ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ይሁን።

8. በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ ቀድማችሁ አስቡ

ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሂሳቡን እንሥራው። 60 ልጅ በ5 ሞጁል 300 የበር ፈተና ነው። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ፣ ለ3 ሳምንት፤ 15 ክፍለ ጊዜ። በቀን 20 ፈተና ማለት ነው። ለአንዱ 2 ደቂቃ ብትሰጡ 40 ደቂቃው አለቀ። ደግመው የሚፈተኑትን ሳንቆጥር። ማንንም ሳታስተምሩ ስታርሙ ትከርማላችሁ።

መፍትሔው የኬለርም የየኔታም ነው፤ ያለፉትን ልጆች ማሰለፍ። የሞጁል 1፣ 3 እና 4 በር ላይ ያንን ሞጁል ያለፈ ልጅ በመልስ ወረቀት ያርማል። ወረቀቱን ከናንተ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ሞጁል 2 እና 5 ለናንተ ይቅሩ፤ ትምህርቱ የሚሰበረው እዚያ ነው። አሁን 120 ፈተና ቀረ። በቀን 8፣ 16 ደቂቃ። ይቻላል። አንድ ለአምስት የሚባለው ቡድን ስሙ ብቻ የቀረበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ እንዲህ ያለ እውነተኛ ሥራ ስጡት።

እናንተ ስታርሙ ልጁ ፊት አርሙ። ቁጥሩን ብቻ አትዩ። አንዱን ጥያቄ መርጣችሁ “ይህን እንዴት አገኘሽው?” በሉ። የገለበጠች ዝም ትላለች። የገባት በጣቷ እያሳየች ትናገራለች፤ አንዳንዴ ስትናገር ስህተቷን ራሷ ታገኘዋለች።

9. ያላለፈው ልጅ

“ሂድና እንደገና አንብብ” እርዳታ አይደለም። አንዴ ያልገባው ወረቀት ሁለተኛ ጊዜ ስላነበበው አይገባውም። መጀመሪያ ለምን እንደወደቀ ለዩ።

ሥሩ የጎደለ ከሆነ፣ ለምሳሌ 6 × 4 ካልመጣለት፣ ወደ ቀደመው ይመለስ። ንባቡ ከሆነ የቸገረው፣ ሞጁሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ሂሳቡን የሚችል ሆኖ አማርኛው የያዘው ልጅ ብዙ ነው፣ በተለይ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር። ሐሳቡ ራሱ ካልገባው መንገዱን ቀይሩ። ወረቀት ስጡት፤ ለሁለት ይጠፈው፣ በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ለሦስት። ሲዘረጋው 6 ሳጥን ያያል። ግማሹን በአንድ ቀለም፣ ሲሶውን በሌላ ሉህ ላይ ይቀባና ይቁጠር። ከዚያ ቅጂ ለ። እሱም ካልሆነ ሐ። ካርዱ ላይ ግን ስንተኛ ሙከራው እንደሆነ አትጻፉ።

10. ዘገምተኛውና ፈጣኑ

“በራስህ ፍጥነት” ሲባል “ነገ” የሚል ልጅ አለ። የኬለርን ዘዴ የሞከሩ ዩኒቨርሲቲዎችም የተቸገሩት በዚሁ ነው፤ ተማሪው ሥራውን ለመጨረሻው ሳምንት ያከማቻል። ስለዚህ ልቅ አትልቀቁት። “እስከ ዓርብ ቢያንስ አንድ በር” የሚል ወለል ይኑር። ለከበደው ልጅ ወለሉን ዝቅ አድርጉለት፣ ግን ለብቻው ነግራችሁት።

ፈጣኖቹን ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ አታሻግሯቸው፤ ርቀቱን ታሰፉትና በኋላ የምትሰበስቡበት ያጥራችኋል። እዚያው ጠለቅ ያለ ነገር ስጧቸው። የኔ ተወዳጅ ይህ ነው፦ “ላዕላቸው 1 የሆነ፣ የማይመሳሰሉ ሦስት ክፍልፋዮች ተደምረው 1 እንዲሆኑ አድርጉ።” 1/2 + 1/3 + 1/6። ያቺ አበባ የምትስለዋ ልጅ በ10 ደቂቃ አገኘችው። “ሌላ አለ?” አልኳት። ሁለት ቀን ፈለገች። የለም፣ ይህ ብቻ ነው። “በአራት ክፍልፋይስ?” ስላት 1/2 + 1/4 + 1/6 + 1/12 ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲያ ደብተሯ ላይ አበባ አላየሁም፤ አበባው ጥሩ ነበር ግን።

ሌላው ጥሩ ሥራ ቅጂ መ ማዘጋጀት ነው። ከሀ፣ ለ እና ሐ ጋር በክብደት እኩል የሆነ ፈተና መጻፍ ፈተናውን ከመሥራት ይበልጣል።

11. ውጤትና ወላጅ

የተከታታይ ምዘና ነጥቡን ከበሮቹ ጋር አያይዙት፤ ያለፈበት ሞጁል ሁሉ እኩል ነጥብ፣ በስንተኛው ሙከራ ቢያልፍም። ርዕሰ መምህሩን ከመጀመራችሁ በፊት አናግሩ፤ ክፍላችሁ ይንጫጫል፣ አላፊ አግዳሚው መምህር የሌለ ይመስለዋል። ለወላጅም ቀድማችሁ ንገሩ። “የጎረቤት ልጅ ሞጁል 4 ላይ ነው፣ የኔ ለምን 2 ላይ ሆነ?” ይላሉ። ካርዱን አሳዩአቸውና ልጃቸው ባለፈው ሳምንት የማይችለውን፣ ዛሬ የሚችለውን አንድ ጥያቄ እፊታቸው አሠሩት።

በ15ኛው ቀን ሁሉም 5 ላይ አይደርስም። እኔ ጋ ጥቂት ልጆች 4 ላይ ይቀራሉ። ምዕራፉ ሲዘጋ ሞጁል 5ን በእጃቸው አስይዤ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ 20 ደቂቃ እቀጥላለሁ።

ወረቀቶቹን ስትሰበስቡ በየቅጂው ጥግ ተራ ቁጥር ጻፉ፣ የጎደለውን ለማወቅ። አንዱን ቅጂ ግን ለራሳችሁ አስቀሩ። ልጆቹ “ቲቸር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?” ያሉበትን መስመር ሁሉ እሱ ላይ አስምሩ። ክረምት ሲገባ መጀመሪያ የሚስተካከሉት እነዚያ መስመሮች ናቸው።